በታይዋን የምሽት ገበያ ምን ይበላል? ምን ይታለፋል?

ስለ ታይዋን የምሽት ገበያ ከአንባቢያን የደረሱንን ደብዳቤዎች በዚህ እትም ሰብሰብ አድርገን መልሰናል። በብዙዎቹ ደብዳቤዎች ውስጥ የተደጋገመው ጭንቀት አንድ ነው፤ ያን ሁሉ ጋሪ፣ ያን ሁሉ ጭስና ሽታ የማያውቅ ሰው ከየት ይጀምር? አሳማ የማይበላውስ? ጾመኛውስ? ሰዓቱን በሙሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚያ በየግድግዳው የምታዩት የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ማሸጋሸግ አትርሱ። ዋጋው በታይዋን ዶላር ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 30 የታይዋን ዶላር ገደማ ይመነዘራል።

ጥያቄ፦ ለሥራ ታይፔ እሄዳለሁ። ስብሰባው ናንጋንግ ኤግዚቢሽን ማዕከል ነው። ነጻ የምሆነው አንድ ምሽት ብቻ ስለሆነ የትኛውን ገበያ ልምረጥ? በስንት ሰዓትስ ልሂድ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ራውሄ ወደሚባለው የምሽት ገበያ ይሂዱ። ከኤግዚቢሽን ማዕከሉ በሜትሮ አንድ ጣቢያ ተጉዘው ናንጋንግ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በተራው ባቡር አንድ ፌርማታ ሄደው ሶንግሻን ይደርሳሉ። ከመሀል ከተማ የሚነሳ ሰው ደግሞ አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር ይዞ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ጣቢያ ሶንግሻን ነው። በ5ኛው መውጫ ሲወጡ እ.ኤ.አ. በ1753 የተሠራውና ማዙ ለተባለችው የባሕር አምላክ የቆመው የጺዮው ቤተ መቅደስ በብርሃን ተንቆጥቁጦ ይታይዎታል። የገበያው በር አጠገቡ ነው።

ራውሄ 600 ሜትር የምትሆን አንዲት ቀጥ ያለች መንገድ ናት። ጋሪዎቹ መሀል መንገዱ ላይ ተደርድረው መንገዱን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ሕዝቡ ቀኝ ቀኙን ይዞ ይሄድና በሌላው በኩል ይመለሳል። የሚፈልጉትን ጋሪ ካለፉት ሰው እየገፉ ወደ ኋላ አይመለሱ። ዙሩን ጨርሰው ቢመጡ ይሻላል። ለአንድ ምሽት ሰው ይህን ገበያ የምንመርጠውም ለዚህ ነው፤ ሊጠፉ አይችሉም፣ ሁሉንም ሳያዩም አይወጡም።

ጋሪዎቹ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታሉ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ይዘጋሉ። ግፊያው የሚበረታው ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሲሆን ቅዳሜ ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ወይ 12 ሰዓት ላይ ይግቡ፣ ወይ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ። ከ5 ሰዓት ካለፈ ግን ስመ ጥር የሆኑት ሻጮች ዕቃቸውን መጨረስ ይጀምራሉ። ታይፔ ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ከቀኑ 11 ነው። ትናንት የደረሰ ሰው ሆዱ መክሰስ የሚጠይቀው ልክ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት ስለሆነ የሰዓቱ ልዩነት ለአንድ ጊዜ እንኳ ለመንገደኛው ያግዘዋል።

የመጀመሪያውን ዙር ምንም ሳይገዙ ይሂዱ። በሁለተኛው ዙር ይግዙ። አንድ ሰው በአራት ወይም በአምስት ነገር ይጠግባል፤ ሁለት ሆነው እየተካፈሉ ከበሉ ሰባት ስምንት ዓይነት ይቀምሳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ከበሩ ትልቁን የዶሮ ጥብስ በመግዛት ነው። የዶሮው ደረት ተሰንጥቆ፣ ተደብድቦ ሰፍቶ፣ በስኳር ድንች ስታርች (ከድንቹ ተጣርቶ በሚወጣ ነጭ ዱቄት) ተለብጦ የተጠበሰ ነው፤ ስፋቱ የሰው ፊት ያህላል። እሱን ብቻውን የበላ ሰው ምሽቱን እዚያው ጨረሰ። መጀመሪያ ሾርባ ነክ ነገር፣ ቀጥሎ ከምጣድ የወጣ፣ ከዚያ በዘይት የተጠበሰ፣ መጨረሻ ላይ በረዶና ጣፋጭ፤ ይህ ቅደም ተከተል ሆድ አይከብድም።

ሺሊን የሚባለውን ሌላ ገበያ ካሰቡም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሺሊን የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ ለገበያው የሚቀርበው ግን ከእሱ በፊት ያለው ጂየንታን ነው። ስሙን አይተው ሺሊን የሚወርዱ ብዙ ናቸው፤ ጨርሶ ባይጠፉም እግራቸውን በከንቱ ያደክማሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አብራኝ የምትጓዘው ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ ናት። ሁለታችንም አሳማ አንበላም። "ዶሮ ነው" ወይም "አትክልት ነው" ካሉን መብላት እንችላለን? (ከዱባይ)

መልስ፦ በዚያ ብቻ አይተማመኑ። የሚታየውን አሳማ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ስቡ ነው። የአሳማ ስብ በታይዋን ማእድ ቤት የእኛን ቅቤ ቦታ የያዘ ነው ብለው ያስቡት። የተቀቀለ ጎመን ላይ ጠብ ይደረጋል። የሽንኩርት ቂጣው ሲዳመጥ በንብርብሮቹ መካከል ይቀባል። ኑድልና ሩዝ ላይ የሚነሰነሰው ቡናማ ሆኖ የተጠበሰ ሽንኩርትም ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በእሱ ነው። ጠርቶ የሚታየው ሾርባም አብዛኛውን ጊዜ የአጥንት ሾርባ ነው፤ አጥንቱ ደግሞ የአሳማ።

ስማቸው የሚያሳስት ምግቦችም አሉ። ፉጆ በምትባል የቻይና ከተማ ስም የሚጠራው የዓሣ ድብልብል ውስጡ የአሳማ ክትፎ አለው። በጣም ቀጭን ኑድል ያለበት የኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ሾርባ ብዙ ጊዜ ከአሳማ አንጀት ጋር ይቀርባል። ራውሄ በር ላይ ረጅም ወረፋ የምታዩበት የቁንዶ በርበሬ ዳቦ፣ ሽታው ቢያማልልም፣ ውስጡ አሳማ ነው። ሌላም አለ፦ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ በእንጨት የተሰካ፣ በኦቾሎኒ ዱቄት የተንከባለለና የድንብላል ቅጠል የተነሰነሰበት። ላየው ጣፋጭ ኬክ ይመስላል፤ ነገር ግን ሩዝ በአሳማ ደም ተለውሶ በእንፋሎት የበሰለ ነው። ለሁለታችሁም የማይሆን ስለሆነ መልኩን አስታውሱት።

የዶሮ ጥብሱስ? ነገሩ በዘይቱ ይወሰናል። "የን ሱ ጂ" የሚሉት የቁርጥራጭ ዶሮ ጥብስ የሚሸጥበት ጋሪ ላይ ዶሮው፣ ቋሊማው፣ የደም ኬኩ፣ እንጉዳዩና ፎሶሊያው ጥሬ እንደሆነ ተደርድሮ ይጠብቃል። ትንሽ ወንፊትና መቆንጠጫ ይዘው የሚፈልጉትን ይሰበስቡና ለሻጩ ይሰጣሉ፤ ሻጩ በመቀስ ቆራርጦ ዘይት ውስጥ ይከታል፤ ሊያወጣው ሲል አንድ እፍኝ የበሶብላችን ዘመድ የሆነ ቅጠል ይጨምርበታል፤ ቅጠሉ ይንጣጣል፤ ከዚያ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ይታሻል። ድንቅ ምግብ ነው። ግን ፎሶሊያዎ የተጠበሰው ከሰው ቋሊማ ጋር በአንድ ዘይት ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው ዶሮ ብቻ የሚጠብስ ጋሪ ይፈልግ፤ አሉ።

ሦስት ሐረግ በቃል ያዙ። "ዎ ቡ ቺ ዡ ሮው" ማለት አሳማ አልበላም ነው። "ዡ ዮው" የአሳማ ስብ ነው። "ዮው ዡ ዮው ማ?" ብለው ከጠየቁ የአሳማ ስብ አለበት ወይ ማለትዎ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ከተናገሩ ሻጩ ሥጋውን አንስቶ ስቡን ሊተወው ይችላል፤ አታሎ አይደለም፣ ሥጋ ማለትዎ ስለመሰለው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይበሉ።

ሐላልን በተመለከተ፣ ምስክር ወረቀት ያለው ጋሪ በምሽት ገበያ ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው። ሥጋ ሲያምርዎ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደተሠራው የታይፔ ታላቁ መስጊድ ይሂዱ፤ ዳአን በሚባለው ሰፈር ሺንሸንግ ደቡብ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ሐላል የሚበላበትን ቦታ ሰዎቹ ይጠቁምዎታል። የምሽት ገበያውን ለበረዶው፣ ለፍራፍሬው፣ ለስኳር ድንቹና ለባሕሩ ምግብ ያቆዩት። ጓደኛዎ በእምነቷ ሰው የታረደ ካልሆነ ሥጋ የማትበላ ከሆነችም ይኸው መንገድ ይሠራላታል። ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የምትተው ከሆነ ደግሞ ከኦይስተሩና ከስኩዊዱ ትራቅ፤ የሚቀጥለው መልስ ለእሷም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ታይፔ ትምህርት ላይ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ጓደኞቼ ወደ ገበያ ሲወጡ አብሬ ሄጄ ውሃ ብቻ ጠጥቼ እመለሳለሁ። በጾም ቀን የሚበላ የለም? (ከታይፔ)

መልስ፦ ሞልቷል። ታይዋን ውስጥ በቡድሃ እምነት ምክንያት ሥጋ የማይበላ ሰው ብዙ ስለሆነ ቃሉን ሁሉም ሻጭ ያውቀዋል፦ "ሱ"። የሱ ዓይነቶች ግን ይለያያሉ፤ ለእኛ ጾም ልዩነቱ ትልቅ ነው። "ዳን ሱ" እንቁላል አለው። "ናይ ሱ" ወተት አለው። ለእርስዎ የሚሆነው "ችዋን ሱ" ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት ማለት ነው። "ቹን ሱ"ም ቢሉ ያው ነው። የታሸገ ምግብ ላይ ይህን መለየት በሕግ የታዘዘ ስለሆነ ከማሸጊያው ላይ ያገኙታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "ዉ ሺን ሱ" የሚል ሌላ ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ማለት ነው፤ የቡድሃ ጾመኞች እነዚህን አይበሉም። ለእኛ ሽንኩርት ጾም አያስፈርስምና "ይሄማ የኔ ነው" ይላል ሰው። ነገር ግን በደንቡ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጥ ምግብ ወተትና እንቁላልም ሊኖረው ይችላል። ዝርዝሩን ሳያነቡ አይግዙ።

በቤቱ ደጃፍ ላይ አራት ክንዱ የታጠፈ የስዋስቲካ ምልክት ብታዩ አትደንግጡ። ጥንታዊ የቡድሃ ምልክት ነው፤ በታይዋን ምግብ ቤት ላይ ሲሰቀል ሥጋ የለም ማለት ነው።

ከጋሪ ወደ ጋሪ እንሂድ። የስኳር ድንች ኳስ ጾም ነው፤ ስለ ዘይቱ ብቻ ይጠይቁ። በስኳር የተለበጠ ፍራፍሬ በእንጨት፣ የተጠበሰ ቼስትነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ)፣ በኦቾሎኒ ዱቄት የተንከባለለ ትኩስ የሩዝ ሊጥ፣ በዝንጅብል ሽሮፕ የሚቀርብ ለስላሳ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ፣ "ዶው ኋ" የሚሉት) ሁሉም ይሆናሉ። የተጠበሰ በቆሎና ትልልቅ እንጉዳይ ግን በሚቀባው ድልህ ይበላሻሉ፤ "ሻ ቻ" የሚሉት ቡናማ ድልህ የደረቀ ዓሣና ሽሪምፕ ተፈጭቶ የገባበት ነው፤ እንጉዳዩን ቅቤ የሚቀባም አለ። "በጨው ብቻ" ይበሉ። ኒንግሺያ ገበያ ከሄዱ የጎደሬ ዘመድ የሆነው የታሮ ድብልብል በሁለት ዓይነት ይጠበሳል፤ አንዱ ባዶውን፣ ሌላው በውስጡ የእንቁላል አስኳልና የአሳማ ሥጋ ብናኝ ይዞ። በጣት ከማሳየት በፊት ይጠይቁ። በቀይ ባቄላ የሚሞላው ክብ ኬክ ሊጡ ላይ እንቁላልና ወተት አለው።

ከሁሉ በላይ የምንመክርዎት "አይዩ" ነው። የአንድ የሾላ ዘመድ ሐረግ ፍሬ ደቃቅ ዘሮች በጨርቅ ከረጢት ተደርገው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይታሻሉ፤ ያ ዝልግልግ ፈሳሽ እሳት ሳይነካው፣ ስኳር ሳይገባበት ጥቂት ደቂቃ ሲቀመጥ በራሱ ይረጋል። ለመርጋት በውሃው ውስጥ ያለ ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ በተጣራ ውሃ ቢያሹት ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ቅባት የነካው እጅም ያበላሸዋል። በሎሚና በሽሮፕ፣ በበረዶ ይቀርባል። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ለሚገድፍ ሰው ገበያው ራሱ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነውና ሰዓቱም የተመቸ ነው።

ጥያቄ፦ የኦይስተር ኦምሌት አዝዤ መሀሉ እንደ ሙጫ ሲዝለገለግ አልበሰለም ብዬ ተውኩት። ተሳስቻለሁ? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ሳይሳሳቱ አይቀርም። ያ የሚዝለገለገው በውሃ የተበጠበጠ የስኳር ድንች ስታርች ነው። ሻጩ ምጣዱ ላይ መጀመሪያ ትንንሾቹን ኦይስተሮች ይጥላል፤ በላያቸው ብጥብጡን ያፈሳል፤ እንቁላል ይሰብርበታል፤ ጎመን ይበትናል፤ ገልብጦ ቀይ ጣፋጭ ድልህ ያፈስበታል። መብሰሉን በቀለሙ ይለዩ። ስታርቹ እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ጥሬ ነው፤ እንደ መስታወት አሳልፎ ካሳየ በስሏል። መለጠጡ ጥፋት አይደለም፤ ታይዋኖች ያን ጥርስ ላይ ነጠር የሚል ነገር "ኪው" ይሉታል፤ ሲወዱት "ኪው ኪው" ብለው ይደግሙታል። ኦይስተሩ ግን ጠርዙ ተሸብሽቦ መሀሉም ትኩስ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና የጉበት ሕመም ያለበት ሰው በደንብ ያልበሰለ ኦይስተር አይንካ።

ጥያቄ፦ የሚሸተው ቶፉ የተበላሸ ምግብ አይደለም? ሰው እንዴት ይበላዋል? (ከሐረር)

መልስ፦ ቶፉው አይበሰብስም፤ የሚብላላው ውሃው ነው። በልማዱ ጎመን ነክ ቅጠሎችና የቀርከሃ ቡቃያ ከጨው ጋር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላሉ፤ ትኩስ ቶፉ በዚያ ውስጥ ለሰዓታት ይነከርና ይወጣል። የቆጮን ጉድጓድ ሽታ የሚያውቅ ሰው ሽታና ብልሽት አንድ እንዳልሆኑ ለመረዳት አይቸገርም። ጥሩ ሻጭ ሁለት ጊዜ ይጠብሰዋል፤ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፤ መሀሉን ወጋ አድርጎ የነጭ ሽንኩርት መረቅ ያፈስበትና ከኮምጣጣ ጥቅል ጎመን ጋር ይሰጥዎታል። ጎመኑን አይተዉት፤ ቅባቱን የሚቆርጠው እሱ ነው። ሽታው ከሩቅ እንደሚያስፈራው አፍ ላይ አይደለም። ለጀማሪ የተጠበሰው ይሻላል፤ በመረቅ የተቀቀለው ይበረታል። ለጾም ግን አይሆንም፤ አንዳንዱ ብሉልት ሽሪምፕ ወይም ወተት ይገባበታል፤ ከውጭ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ እዚህ ስኳር ድንች ሞልቷል። ያን ውስጡ ባዶ የሆነ የስኳር ድንች ኳስ ሞክሬ ድንጋይ ሆነብኝ። የት ላይ ነው የሳትኩት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው፦ ወይ ዱቄቱ፣ ወይ እሳቱ። መጠኑን እናስቀምጥ።

ተልጦ በእንፋሎት የበሰለ ስኳር ድንች 300 ግራም፣ የካሳቫ ስታርች 150 ግራም፣ ስኳር 45 ግራም፣ ጨው ቁንጥር። ስኳር ድንቹን አይቀቅሉ፤ ውሃ ይጠጣል። በእንፋሎት አብስለው ትኩሱን በስኳሩ ይፍጩት፤ ስኳሩ የሚሟሟው ትኩስ ሲሆን ነው። ስታርቹን ሁለት ጊዜ ከፍለው ጨምረው ያሹት። ሊጡ እንደ ጆሮ ለስላሳ ሆኖ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ደርሷል። የብርቱካንማው ስኳር ድንች ውሃ ይበዛዋልና አንድ ሁለት ማንኪያ ስታርች ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ነጩ ደረቅ ነው፤ ከተሰነጣጠቀ ጥቂት ውሃ ይርጩበት። ከ10 እስከ 11 ግራም በሚመዝን ኳስ ካድበለበሉት ወደ 45 ይወጣዋል።

ዘይቱ ጥልቀቱ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ገና ሞቅ ሲል፣ 140 ዲግሪ አካባቢ፣ ኳሶቹን ይክተቱ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ይንከሩ፤ በዙሪያው ደቃቅ አረፋ ቀስ ብሎ ከወጣ ልኩ ነው፤ ከተንጫጫ በዝቷል። በመካከለኛ እሳት ሦስት አራት ደቂቃ ይተዉአቸው፤ እንዳይጣበቁ ብቻ ያንቀሳቅሷቸው። ሲንሳፈፉ ሥራው ይጀመራል። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ጀርባ ኳሶቹን ወደ ድስቱ ጎን ጫን ያድርጉ፤ ግማሽ ያህል ሲደፈጠጡ ይልቀቋቸው። ከቀድሞው ተልቀው ይነሳሉ። እንደገና ይጫኑ፤ ይልቀቁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ ሲደግሙት እጥፍ አድገው ውስጣቸው ባዶ ይሆናል። መጨረሻ ላይ እሳቱን ወደ 180 ዲግሪ ከፍ አድርገው አንድ ደቂቃ ያቆዩና ያውጡ።

ለምን ይሠራል? የካሳቫ ስታርች ሲበስል እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ቆዳ ይሆናል። ውስጥ ያለው ውሃ ተን ሆኖ ሲገፋው ይነፋል፤ ጭልፋው መሀሉን እየሰበረ ሊጡን ወደ ዳር ያሸሸዋል። ዘይቱ ገና ከመነሻው ከጋለ ግን ቆዳው ሳይለጠጥ ይደርቃል። ድንጋይ የሆነብዎ እንዲህ ይመስለናል። በስንዴ ዱቄት ወይም በበቆሎ ስታርች ቢሠሩትም አይነፋም። የካሳቫ ዱቄትና የካሳቫ ስታርች አንድ እንዳልሆኑም ይወቁ፦ ዱቄቱ ሥሩ በሙሉ ደርቆ የተፈጨ ነው፤ ስታርቹ ከውሃው የዘቀጠ ነጭ ነው፤ በሁለት ጣት ሲያሹት "ጭርጭር" ይላል። የእስያ ሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች "ታፒዮካ" ይሉታል። ጥሬ ካሳቫ በአግባቡ ካልተዘጋጀ መርዝነት ስላለው ስታርቹን ቤት ውስጥ እንዲያወጡ አንመክርም።

አውጥተዋቸው ሲቀዘቅዙ ከተኮማተሩ የመጨረሻው ደቂቃ አጥሯል ማለት ነው፤ ቅርፊቱ ራሱን ለመሸከም ገና አልጠነከረም።

ጥያቄ፦ ዋጋ መከራከር ይቻላል? ፍራፍሬ ላይ ከጠበቅኩት በላይ አስከፈሉኝ። (ከለንደን)

መልስ፦ በምግብ ዋጋ አይከራከሩም፤ ተለጥፏል፤ አብዛኛው ከ50 እስከ 100 ነው። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ የመቶ ኖቶችና የ10 እና የ50 ሳንቲሞች ከሌሉዎት በ1,000 ኖት መልስ እያስጠበቁ ወረፋ ያስቆማሉ። ፍራፍሬው ላይ የሚያሳስተው ሚዛኑ ነው። የታይዋን "ጂን" 600 ግራም ነው፤ ኪሎ አይደለም። አንድ ጂን 16 "ልያንግ" ነው፤ ልያንጉ 37.5 ግራም። ሰሌዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የጂን ሳይሆን የግማሽ ጂን ወይም የልያንግ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት "ዶ ሻው ቺየን?" ብለው የጠቅላላውን ዋጋ በስልክ ማስያ ላይ ያስጽፉ። ከተቆረጠ በኋላ የለም። ዋጋ ያልተለጠፈበት የፍራፍሬ ጋሪ ላይ ባይቆሙ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ማታ የኳስ ሻይ (የታፒዮካ ኳሶች የገቡበትን የወተት ሻይ) ስጠጣ እንቅልፍ አጣለሁ። ምን ልጠጣ? (ከሪያድ)

መልስ፦ "ዶንግ ጓ ቻ" ይጠጡ። ስሙ ሻይ ይባል እንጂ የሻይ ቅጠል የለበትም፤ ከዱባ ዘመድ ፍሬና ከስኳር የሚፈላ ነው። ስኳሩ ግን ብዙ ነው። የኳስ ሻይ ካማረዎ ስኳሩን ራስዎ ያዛሉ፦ "ባን ታንግ" ግማሽ፣ "ዌይ ታንግ" ጥቂት፣ "ዉ ታንግ" ያለ ስኳር። ያለ ስኳር ቢሉም ኳሶቹ ራሳቸው በሽሮፕ የተነከሩ ስለሆኑ ጣፋጭነቱ አይጠፋም። በረዶ ለመቀነስ "ሻው ቢንግ"፣ ለመተው "ቹ ቢንግ"። ኳሱ በበረዶ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል፤ እዚያው ይጠጡት እንጂ ሆቴል ይዘው አይሂዱ። ወተት ለማይጠጣ ሰው ደግሞ፦ በወተት ፋንታ ሻዩ ውስጥ የሚገባው ክሬም ዱቄት "ወተት አይደለም" ቢባልም ብዙ ጊዜ የወተት ፕሮቲን አለው።

ጥያቄ፦ ታይናን ሄደን የገበያው ቦታ ባዶ ሜዳ ሆኖ ጠበቀን። ተዘግቶ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀኑ አልነበረም። የታይናን ትልልቅ ገበያዎች እንደ እኛ የገጠር ገበያ ቀን ቀን አላቸው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ዓርብ ዳዶንግ ነው፤ ረቡዕና ቅዳሜ ዉሸንግ፤ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ ኋዩዋን፣ ማለትም የአበባ ገበያው። የከተማው ሰው ከሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ የገበያውን ስም የመጀመሪያ ድምፅ እየጠራ "ዳ ዳ ዉ ኋ ዳ ዉ ኋ" ብሎ ይይዘዋል፤ እናንተም ያዙት። ካውሾንግ ከተማ ውስጥ ያለው የሬይፎንግ ገበያም ሰኞና ረቡዕ አይከፈትም።

ጥያቄ፦ ተመግበን ስንጨርስ ቆሻሻውን የት እንጥላለን? የቀረንን ይዘን ሜትሮ ብንገባስ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ የቆሻሻ ገንዳ መንገድ ላይ እምብዛም የለም። እንጨቱንና ወረቀቱን ለገዙበት ጋሪ ይመልሱ፤ ሻጩ ይቀበላል። ከቤት ስትወጡ አንድ ባዶ ፌስታልና ሶፍት ያዙ፤ ጋሪው ሶፍት ላይኖረው ይችላል። መጸዳጃ ቤት ሲያስፈልግ ወደ ሜትሮ ጣቢያ ተመለሱ፤ ንጹሕና ነጻ ነው። ምግቡን በፌስታል ቋጥሮ ሜትሮ ውስጥ መያዝ ይቻላል። መብላትና መጠጣት ግን ክልክል ነው፤ ማስቲካና ውሃ ጭምር። ክልከላው የሚጀምረው ባቡሩ ውስጥ ሳይሆን ከመግቢያው በፊት ወለሉ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ነው፤ ቅጣቱ ከ1,500 እስከ 7,500 የታይዋን ዶላር ይደርሳል። የመጨረሻዎቹ ባቡሮች የሚነሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ መስመር የምትቀይሩ ከሆነ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ሌላ ወረፋ አትያዙ።